መጽሔቷን ከመቅበራችሁ በፊት ይህን አንብቡ!

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ትዳር፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ኩርፊያና ስለ እርቅ ነው። የዛሬውም ጉዳይ ከዚያ የራቀ አይደለም። የተኳረፉ ጓደኛሞች አሉበት፣ የተቆጡ እናት አሉበት፣ ያለቀ ገንዘብም አለበት። የጠቡ መነሻ ግን ሴት ወይም ውርስ እንዳይመስላችሁ። መጽሔት ናት!

ነገሩ ወዲህ ነው። ጥያቄውን ያቀረበልን ቆቃ የሚኖር ወጣት ነው። ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም፤ እኛም አንጠቅስም። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ስለ ገጠር ሕይወት የምታወራ አንዲት ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በኢንተርኔት ጀምረው ነበር። አጫጭር ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ የሽማግሌዎች ጨዋታ፣ የሽንኩርት ማሳና የዓሣ አጥማጆች ወግ ይወጣባት ነበር። አምስት እትም ወጣች። ከዚያ ቀጥ አለች።

አንዱ ጓደኛ ሥራ አግኝቶ አዳማ ገባ። ሌላው አገባና ማምሸት ተከለከለ። ሦስተኛው ግጥሙ ሳይጠየቅ ስለታረመበት አኮረፈ፣ እስካሁንም መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊቱን ያዞራል። የኢንተርኔቱ ቦታ ኪራይ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ አንድ ዓመት ከፈለላቸው፣ በሁለተኛው ዓመት ዝም አለ። መጽሔቷም ከነጽሑፎቿ ጠፋች። እናቱ ይህን ሁሉ ሲያዩ የከረሙ ናቸውና ስለ መጽሔት ዳግመኛ በቤታቸው እንዳይነሣ አዘዋል።

ይህ ሁሉ ግን ልጁን እንቅልፍ አልነሳውም። እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነው። ሐይቁ ሳይሞላ በፊት አሁን ውኃ በተኛበት መሬት ላይ ስላደጉበት ኑሮ ሊያጫውቱት ቀጠሮ የሰጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቹ የመጽሔቷ አርማ በሬ ይሁን ወይስ ጀልባ እያሉ ሲጨቃጨቁ ሦስት ወር አለፈ። ሽማግሌው በዚያው መካከል ዐረፉ። ለቅሶ የደረሰው ባዶ ደብተሩን ይዞ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ነው፦ መጽሔቷ ትነሣ ወይስ ትቅር? እኛ ትነሣ ባዮች ነን። ግን እንደ ድሮዋ ሆና አይደለም። ለምን እንደሆነ አብረን እንይ።

ለመሆኑ ቆቃ የሚጻፍ ነገር አላት?

አንዳንድ ሰው ቆቃ ሲባል ትዝ የሚለው መኪና አቁሞ ቲማቲምና ሐብሐብ የሚገዛበት መንገድ ዳር ወይም የተጠበሰ ቆሮሶ ነው። እስቲ ትንሽ ጠለቅ እንበል።

የቆቃ ግድብ ተሠርቶ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡ ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሣ የመጣ ነው። አዋሽ ተገደበ፣ ሜዳው በውኃ ተሞላ፣ ገሊላ የሚል ስምም የተሰጠው ሐይቅ ተፈጠረ። ከግድቡ የሚገኘው ኃይል 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ዛሬ ካሉት ግድቦች ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነበር። አዲስ አበባ መብራት ሲበራላት፣ በሜዳው ላይ የነበሩት ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ደግሞ ቤታቸውን ነቅለው ተነሡ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ1952 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ እረኛ ዛሬ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ነው። ከውኃው ሥር የትኛው ዛፍ የማን ጥላ እንደነበር፣ የማን አያት የት እንደተቀበሩ፣ ከብቱ በየት በኩል ወደ አዋሽ ይወርድ እንደነበር የሚያውቀው ይህ ሰው ነው። ከእርሱ በኋላ የሚያውቅ የለም። የግድቡ ቁመትና የተርባይኑ ብዛት በመንግሥት መዝገብ ላይ ተጽፏል። የእረኛው መንገድ ግን የትም አልተጻፈም!

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 አልጀዚራ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የቆቃን ሐይቅ ውኃ መበከልና የአካባቢውን ሰው ችግር የሚያሳይ ዘገባ ሠርቶ ለዓለም አሳየ። መልካም አደረገ። ታዲያ ከዚያ ውኃ የምትቀዳው እናት ራሷ፣ ወይም ልጇ፣ ምን ብለው ጻፉ? የሩቅ ሰው ካሜራ ይዞ መጥቶ ሁለት ሳምንት አድሮ የሚያወራው አለ፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው የሚያወራውም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ትንሿ መጽሔት የምታስፈልገው ለዚህ ነው።

ትንሽ መሆን አያሳፍርም

ወጣቶቻችን መጽሔት ሲያስቡ የሚታያቸው የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ ቢሮ፣ ማስታወቂያና ሺህ አንባቢ ነው። ይህ ሳይሟላ ሲቀር "ከሸፈ" ብለው ይበተናሉ። ይኸውላችሁ፣ አእምሮ የተባለችው የመጀመሪያዋ የአማርኛ ጋዜጣ በ1890ዎቹ ስትጀመር በእጅ እየተጻፈች ነበር የምትታደለው። ብዛቷም 24 ቅጂ ብቻ! አዘጋጇ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ነጋዴ ሲሆን ስም ያወጡላት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ማባዣ መሣሪያ የተገኘላት ኋላ ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ ተቋርጣለች፣ ከአንድ ጊዜ በላይም ተነሥታለች። ዛሬ የፕሬስ ታሪካችን ሲወራ መጀመሪያ የምትጠራው ያቺ የ24 ቅጂ ጋዜጣ ናት።

ከጎረቤትም ምሳሌ አለ። ካምፓላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 ራጃት ኒዮጊ የተባለ ወጣት "ትራንዚሽን" የተባለች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ጀመረ። በ1968 መንግሥት አሰረውና መጽሔቷ ቆመች። በ1971 ጋና ውስጥ፣ አክራ ከተማ፣ እንደገና ወጣች። በኋላ ናይጄሪያዊው ወሌ ሾይንካ ያዛት። በ1976 ዳግመኛ ቆመች። በ1991 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣች። አገርም ሰውም ተለዋወጠባት፣ እርሷ ግን አለች። እንግዲህ ከቆቃ አዳማ የሄደ ጓደኛ ምን ያህል ቢርቅ ነው?

"የእኛ እኮ በኢንተርኔት የምትወጣ ናት፣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል?" የሚልም አይጠፋም። ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና እ.ኤ.አ. በ2002 ኬን የተባለውን ትልቅ የአፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው በኢንተርኔት መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፉ ነው። በዓመቱም "ክዋኒ" የተባለች መጽሔት ናይሮቢ ላይ መሠረተ። ቁም ነገሩ የሚወጣበት ቦታ ሳይሆን የሚወጣው ነገር ነው።

በምን ሞተች?

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ይመረምራል። የተኛች መጽሔትም ምርመራ ያስፈልጋታል። ቁጭ ብላችሁ፣ ማንንም ሳትወቅሱ፣ በምን ሞተች ብላችሁ ጻፉ። የብዙዎቹ በሽታ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው ጥድፊያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? በየወሩ እናወጣለን ብለው ማሉ፣ ሁለት ወር ወጣ፣ በሦስተኛው ጽሑፍ አጠረ፣ በአራተኛው አንድ ሰው ብቻውን ሌሊት ሲጽፍ አደረ። የገጠር መጽሔት የገጠርን አቆጣጠር ብትከተል ይሻላታል። በዓመት አራት ጊዜ ይበቃታል፦ አንድ በዘር፣ አንድ በአረም፣ አንድ በአጨዳ፣ አንድ በበጋ መስኖ። የሚያወሯችሁ ሰዎችም ፋታ የሚያገኙት እንደ ወቅቱ ነው። በአጨዳ መካከል ገበሬን ቁጭ ብለህ አውራኝ ማለት ነውር ነው።

ሁለተኛው የማይዘልቅ ወጪ ነው። በሌላ ሰው ደግነት በዶላር የሚከፈል ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደግ ሰው ሲሰለቸው መጽሔቷም ታልቃለች። አባላቱ ከኪሳቸው በየወሩ ሊያዋጡት ከሚችሉት በላይ የሆነ ማንኛውም ወጪ ይቅር።

ሦስተኛው ኩርፊያ ነው። ይህ ከሁለቱም ይብሳል። ገንዘብ ቢያልቅ ይለመናል፤ ልብ ከሻከረ ግን ማን ይለምናል?

መጀመሪያ እርቅ፣ ቀጥሎ መጽሔት

ለጠያቂያችን የምንመክረው አርማውን ትቶ መጀመሪያ ያኮረፈው ጓደኛው ዘንድ እንዲሄድ ነው። ግጥሙን ሳያስፈቅዱ መቁረጣቸው ጥፋት ነው። ግጥም ለጻፈው ሰው እንደ ልጁ ነው፤ ልጅህን ፀጉሩን ላጭቼ መለስኩልህ ቢሉህ ደስ ይልሃል? ሄዶ "አጥፍተናል" ይበል። አልሰማም ካለ ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ይላክ። በአገራችን ሰው ገድሎ የሚታረቅ አለ፣ በግጥም የተጣላ እንዴት አይታረቅ?

ከእርቁ በኋላ አንድ ገጽ የማትሞላ ደንብ ይጻፉ። ጽሑፍ ሲታረም ለጸሐፊው ሳይታይ አይወጣም ይበል። በእያንዳንዱ እትም አንድ ሰው ብቻ ኃላፊ ይሁን፣ በሚቀጥለው ተራው የሌላው ይሁን። ያገባውም አዳማ የገባውም ከአቅማቸው በላይ አይጠየቁ። ያገባው ቤቱ ሆኖ ፊደል ይልቀም፤ እንዲያውም ባለቤቱን ጨምሩና አምስተኛ አባል ትሁን። የሴቶች ነገር የሚጻፈው ሴት ስትገባበት ነው። አዳማ ያለው ደግሞ ወረቀትና ማባዣ በቅርቡ ነውና እርሱን ይያዝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!

ሽማግሌን እንዴት እናውራ?

አሜሪካ ውስጥ፣ ጆርጂያ በተባለው ክፍለ ሀገር ተራሮች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች "ፎክስፋየር" የተባለች መጽሔት ጀመሩ። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በጨለማ የሚያበራ የጫካ ሻጋታ ስም ነው። ልጆቹ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። መቅረጸ ድምፅ ይዘው አያቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሄዱ። የግንድ ቤት እንዴት ይሠራል? አሳማ እንዴት ይታረዳል? ጨረቃን አይቶ መዝራት እንዴት ነው? የሰሙትን እንዳለ፣ በሽማግሌዎቹ አነጋገር፣ ጻፉት። በ1972 የመጀመሪያው ጥራዝ በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። በገቢውም መሬት ገዝተው የጥንት ቤቶችን የሚያሳይ ሙዚየም አቆሙ። መጽሔቷም ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘለቀች።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ልጆች ደራሲዎች አልነበሩም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ትምህርት የሰለቻቸው ነበሩ። ጸሐፊ ያደረጋቸው ጠይቆ መስማት ነው።

ቆቃ ላይም ይኸው ይሠራል፤ ግን የአጠያየቅ ዘዴ አለው። "ስለ ድሮ ሕይወት ይንገሩኝ" ብትሏቸው "ድሮ ጥሩ ነበር፣ ጥጋብ ነበር" ብለው ዝም ይላሉ። ጥያቄው ጠበብ ይበል። ውኃው ሲመጣ ማን ነገራችሁ? ከቤት መጀመሪያ ምን አወጣችሁ? ምን ረስታችሁ ቀራችሁ? በመጀመሪያው ሌሊት የት አደራችሁ? ዓሣ ማን አስለመዳችሁ? እንዲህ ሲጠየቁ ሽማግሌው ዓይናቸው ይበራል።

ኦቦ፣ አዴ ብላችሁ ቀርባችሁ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሰዓት ሳታዩ አውሩ። በስልክ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከጻፋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አንብቡላቸው፤ "ይህን አውጣው፣ ያስጠላኛል" ካሉ ይውጣ። በመሬት ድንበር ወይም በድሮ ቂም ላይ ከሆነ ደግሞ ሁለቴ አስቡ። መጽሔቷ ጎረቤት ከጎረቤት የምታናክስ መሆን የለባትም።

ስለ ገጠር ስትጽፉ ማር ማብዛትም ይቅር። ሁሌ ለምለም መስክ፣ ሁሌ ዋሽንት ከሆነ ገበሬው ራሱ ይስቅባችኋል። ሽንኩርት በወደቀ ዋጋ ተሸጦ የማዳበሪያ ዕዳ ያልከፈለ ሰው አለ። ወባ አለ። ማሳውን በኪራይ ሰጥቶ በራሱ መሬት ላይ የቀን ሠራተኛ የሆነ አለ። ይህም የገጠር ሕይወት ነው፣ ይጻፍ።

በየትኛው ቋንቋ?

የቆቃ ሽማግሌ አብዛኛው የሚያወራው በኦሮምኛ ነው። ጨዋታው ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ቀልዱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የምንመክረው ሰውየው በተናገረበት ቋንቋ ይውጣ፣ ከሥሩ አሳጥራችሁ በሌላው ቋንቋ ፍሬ ነገሩን አስቀምጡ ነው። ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በፊደል፣ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን። አዲስ ነገር አይደለም። በሪሳ የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር በግዕዝ ፊደል ነበር የሚታተመው፤ ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ከተመረጠ ወዲህ በቁቤ ሆነ። አያት የሚያነብበትና የልጅ ልጅ የሚያነብበት ፊደል በተለያየበት አገር፣ ሁለቱንም የያዘች መጽሔት አያትና ልጅን ቁጭ አድርጋ ታነባብባለች።

አንድ ደስጣ ወረቀት

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። አንድ ኤ4 ወረቀት በግራና በቀኝ ታትሞ ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። አራት ወረቀት አሥራ ስድስት ገጽ ነው። መሐሉን በስቴፕለር መታ መታ፣ መጽሔት ሆነ! አንድ ደስጣ 500 ወረቀት ነው፤ ስለዚህ 125 ቅጂ ይወጣዋል። ለመጀመሪያው እትም ሃምሳ ቅጂ ይበቃል፤ ግማሽ ደስጣ እንኳ አይፈጅም። የወረቀትና የማባዣ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ሦስት ቤት ጠይቃችሁ አወዳድሩ።

"ኢንተርኔቱስ?" ካላችሁ አትተዉት። ያንኑ አሥራ ስድስት ገጽ በፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ልቀቁት። በዶላር የሚከፈል ኪራይ የለበትም። ዓረብ አገር ያለችው የቆቃ ልጅም በስልኳ ታነበዋለች። ግን አደራ፣ ጽሑፎቹን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ሌላ ሰው ቤት፣ አንድ ደግሞ በወረቀት ይሁን። የጠፉትንም አምስት እትሞች ፈልጉ። አንዱ ጓደኛ ስልክ ውስጥ፣ አንዱ ጸሐፊ ኢሜይል ውስጥ ቁርጥራጩ አይጠፋም።

የታተሙትን ሃምሳ ቅጂዎች የት እናድርስ? ሰው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ጥሩ ነው፦ ፀጉር ቤት፣ ዓሣ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብንም አትርሱ። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ሲያበቃ ከመጽሔቷ ግማሽ ገጽ በድምፅ ማጉያ ቢነበብ፣ ማንበብ የማይችል አጥር ጥግ ያለ ሰው ሳይቀር ይሰማታል። ሁለት ቅጂ ደግሞ አዲስ አበባ ወመዘክር እያልን ለምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይላክ። የልጅ ልጆቻችሁ የሚያገኟት እዚያ ነው።

ሕግም አለ

ሰነፍ ሕግን ይፈራል፣ ብልህ ግን ይጠይቃል። በየጊዜው የሚወጣ ኅትመትም ሆነ የኢንተርኔት መገናኛ ብዙኃን የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አለ። ምዝገባ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ቀድማችሁ ጠይቁ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። የሰው ግጥም ከፌስቡክ አንስቶ ማውጣት ሌብነት ነው፤ ስም መጥቀስ ብቻ ፈቃድ አይሆንም።

እናትስ?

እናት የተቆጡት መጽሔት ጠልተው አይደለም። ልጃቸው ያለ ሥራ ሲያመሽ፣ ስልክ ላይ ተደፍቶ ሲያድር አይተው ነው። እውነታቸውን ነው! ትንሽ መጽሔት እንጀራ አትሆንም። ይሆናል ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ስለዚህ ጠያቂያችን የቀን ሥራውን ይያዝ፣ ማሳም ይሁን ባጃጅ። ለመጽሔቷ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃታል። ከዚያ ደግሞ አንድ ብልሃት እንምከረው፦ የመጀመሪያው እትም የመጀመሪያ ተጠያቂ እናቱ ይሁኑ። የእናታቸውን የወፍጮ ዘፈን፣ የሠርጋቸውን ቀን፣ የመጀመሪያዋን ላማቸውን ስም ይጠይቃቸው። ስማቸው በወረቀት ታትሞ ሲያዩ ዳግመኛ መጽሔት በዚህ ቤት አይነሣ የሚሉ አይመስለንም።

እንግዲህ ወንድማችን፣ አርማው በሬም ሆነ ጀልባ ገና ይደረስበታል። ሽፋን የሌላት መጽሔት ልትወጣ ትችላለች፤ ወሬ የሌላት ግን አትወጣም። በሰፈራችሁ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰዎች ስም ዛሬ ማታ በደብተር ጻፉ። በዕድሜ ትልቁን ከላይ አድርጉ። ነገ ከእርሳቸው ጀምሩ።

በሉ ቸር ይግጠመን!